የዊሎው ፎርድ ግብ ጠባቂ

ዊሎው ፎርድ፣ ሳስካቸዋን፣ ካናዳ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2019

ውድ ልጄ ኮሊን፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የላትቪያ ብርድ ከእኛው ይሻላል ብለሽኛል፤ ቢሆንም ከጦር ሰፈሩ ስትወጪ አንገትሽን ሸፍኚ። እዚህ በረዶው መስኮቱ ጋ ደርሷል። በቀደም ስንደዋወል "አባዬ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?" ስትዪኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አይደለም። እንዲያ ያልኩሽ ልጅሽ ብሪን አጠገቤ ስለነበረች ነው።

በረዶ ላይ ሆኪ ስትጫወት ጭንቅላቷን ትንሽ እንደተመታች ነግራሻለች። የነገረችሽ የምታውቀውን ነው። የቀረውን የማውቀው እኔ ነኝ።

ግጥሚያው ከሃርዊክ ከተማ ልጆች ጋር ነበር። እነሱን ካሸነፍን ስንት ዘመን ሆኖናል፤ የከተማው ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መጥቷል። ጨዋታው መሀል ላይ አንድ ግዙፍ ልጅ እየተንሸራተተ መጥቶ ከብሪን ጋር ተላተመና ከግቡ ብረት ጋር አጋጫት። ሮጬ ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክሁ።

"ደኅና ነሽ?"

"ደኅና ነኝ አያቴ" አለች። ዓይኗ ግን እኔን አላየኝም፤ ከኋላዬ ያለ ነገር የምታይ ትመስል ነበር።

ዋንዳ፣ አብራኝ ልጆቹን የምታሠለጥነው መምህርት፣ ክንዴን ያዘችኝ። "ሜርቭ፣ አስወጣት። ልጅቷ ልክ አይደለችም።"

"ሌላ ግብ ጠባቂ የለንም። ካስወጣኋት አለቀልን።"

"ብንሸነፍስ! ልጆች ናቸው እኮ።"

"ራሷ ደኅና ነኝ እያለች? አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ያስፈራሻል" አልኳት፣ ወላጆቹ እየሰሙ።

ይህን የልጆች ሆኪ የምመራው እኔ ነኝ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወዲያው ይውጣ የሚለውን ደንብ በየዓመቱ ለወላጆች የማነበው እኔው ነኝ።

ተጫወተች። የመጣውን ሁሉ መለሰች፣ አሸነፍንም። ሰዉ እየመጣ ሲያቅፈኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም እወቂው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ ባልዲ ላይ አጎንብሳ ታስመልሳለች።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ "ከተመታሽ በኋላ ጨዋታውን ቀጠልሽ?" ብላ ስትጠይቃት "አይ፣ አልቀጠልኩም" አለች። ለእኔ ብላ የዋሸች መሰለኝ። ዝም አልኩ። ኮሊን፣ ዝም ብቻ አይደለም፤ በሆዴ አመሰገንኳት። ሐኪሟም ዕረፍት አዝዛ ወደ ቤት ሸኘችን።

መኪና ውስጥ ትንሽ ከሄድን በኋላ "አያቴ፣ ማን አሸነፈ?" አለችኝ።

"እኛ ነና።"

"እውነት? ግቡን ማን ጠበቀልን?"

መኪናውን መንገድ መሀል ወደ ክሊኒኩ አዞርኩት። ለሐኪሟ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እሷም ወዲያው ስልኩን አንሥታ ሳስካቱን ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ደወለች። እዚያ የብሪንን ጭንቅላት በማሽን አይተው ደም አልፈሰሰም አሉን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ብርሃን ያሳምማታል፤ መጽሐፍ ትንሽ ካነበበች ግንባሯን ትይዛለች። ዘንድሮ ሆኪ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐኪሞቹም ደፍረው አይናገሩም።

ኃላፊነቴን ትቼ የበረዶ ሜዳውን ቁልፍ ለዋንዳ አስረከብኳት። ተቀበለችኝና "ለኮሊን ነግረሃታል?" አለች።

ትናንት መጋረጃውን ዘግተን ቁጭ ባልንበት ብሪን "እንዴት እንደተጫወትኩ ንገረኝ እስቲ" አለችኝ። ነገርኳት። እንዴት እንደተወረወረች፣ በእግሯ እንዴት እንደመለሰች፣ ሰዉ ስሟን እየጠራ እንዴት እንደጮኸ። ፈገግ ብላ ታዳምጠኝና ስጨርስ "ድገምልኝ" ትለኛለች። እደግምላታለሁ።

ልጅሽን በአደራ ሰጥተሽኝ ነበር። ሌላ ዘመድ ዘንድ ትሂድ ካልሽ ልብሷን ራሴ አጥፌ፣ ራሴ ወስጄ አደርሳታለሁ፤ አንድ ቃል አልመልስልሽም። እሷን ግን አትቆጪያት። አልዋሸችሽም።

ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ፣ እጅ እግርሽ ሳይጎድል ለልጅሽ ያብቃሽ።

አባትሽ
ሜርቭ