ጋሼን አንሸኝም

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ አባባና እማዬስ እንዴት ናቸው? እኔ ናፍቆታችሁ ከሚበላኝ በቀር ጤናዬ ደህና ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳነበው ተናድጄ ቼሎዬን ሳልነካ ዋልኩ። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ «የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋቻችሁ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በወጣት ካልተካችሁት የሐሙሱን መድረክ ለሌላ እሰጣለሁ» እንዳለን ብጽፍልሽ፣ አንቺም ተደርበሽ «ሽማግሌውን በክብር ሸኟቸው፣ በገዛ እጃችሁ ጉሮሯችሁን አትዝጉ» ትያለሽ። አንቺ የፈረድሽባቸው ሽማግሌ ለእኛ ጋሼ ናቸው።

አራታችንን የሰበሰቡን እሳቸው ናቸው። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ይዘን ጃዝ እንጫወታለን ስንል ያልሳቀብን አልነበረም። የጃዝ ሰዎች «ከበሮውን የት ጣላችሁት?» አሉን፤ የክላሲካል ሰዎች ደግሞ «ኖታውን የት ጣላችሁት?» አሉን። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመታችን! ስንቱ ባንድ ተቋቁሞ ሲፈርስ እኛ አለን። ስምንት አልበም አውጥተናል፣ ሬዲዮ ረስቶን እንደገና አስታውሶናል።

ጋሼ ያወጡት አንድ ሕግ አለን። መድረክ ላይ አንዱ ሲስት ሌሎቹ ጥለውት አይሄዱም። የሳታትን ድምፅ ተቀብለው ይደግሟታል፤ ሦስተኛው ላይ ሰሚው ዜማ ናት ብሎ ይቀበላታል። በጀማሪነቴ በዚህ ሕግ ስንቴ ተርፌያለሁ! እማዬ ሥራ ላይ የምታንጎራጉረው ዜማ እኮ የቪዮላ ተጫዋቻችን ጣት አዳልጧት የመጣ ነው፤ ንገሪያት፣ ትሳቅ።

ባለፈው ማክሰኞ ለልምምድ ስንገባ ጋሼ ቀድመውን መጥተው፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቆመዋል። ቫዮሊናቸውን ከነሣጥኑ ለሁለተኛዋ ቫዮሊን ተጫዋቻችን ዘረጉላትና «እኔ ልውጣላችሁ፤ በኔ የተነሳ ለምን ትጎዳላችሁ?» አሉ። እሷን እሳቷ ነው የምንላት። ሣጥኑን ተቀብላ ከፈተችና ቫዮሊኑን መልሳ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። «መጀመሪያ ይጫወቱ፣ ጋሼ» አለች።

ተጫወቱ። ረጅሙ ድምፅ ላይ ሲደርሱ ደጋኑ ክሩ ላይ ተርገፈገፈባቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቷ ያንኑ መርገፍገፍ ተቀበለች፤ ቪዮላዋ ተከተለች፤ እኔም ከታች በቼሎ ገባሁበት። ይገርምሻል እታለም፣ አማረ! ጋሼ ግን ድንገት አቆሙና «ኧረ ቀስ በሉ! እኔ እንኳን ይህን ያህል አልንቀጠቀጥም!» ብለው ተቆጡን። ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ እሳቸው ካፖርታቸውን አወለቁ።

ሐሙስ ዕለት ዝግጅቱን በዚሁ መርገፍገፍ ከፈትን። ብዙው ሰው ቆሞ አጨበጨበ፣ ጥለው የወጡም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ከመጋረጃው ጀርባ ጠብቆ «ቃሌ ቃል ነው፤ ሰው ካልቀየራችሁ እንዳትመጡ» አለን። ቪዮላዋ የመልበሻ ክፍሉን ቁልፍ መዳፉ ላይ ጣለችለት። መድረኩ ሄዷል። አልደብቅሽም፣ ከፍቶኛል። የልምምድ ክፍላችን ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ አይደለች? ልብስ ሰፊው ሱቁን ሲዘጋ ጠረጴዛዎቹን ገፋ አድርጎ እዚያ እንድንጫወት ፈቅዶልናል። ወንበር የለውም፤ ሰሚው ቆሞ ነው የሚሰማን። ይቁም!

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። አባባ «አሁንም ደህና ሥራ አልያዘም?» ካለ፣ ከዚህ የተሻለ አጥቷል በይልኝ። ባለቤትሽን በብርቱ ሰላም በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን እንዲበረታ፣ ትንሿ ደግሞ ያንን ፊሽካ እንድትተው ንገሪያቸው፤ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

ጋሼን ልቀቁ ብለሽ ግን ዳግመኛ እንዳትመክሪኝ። የኔም እጅ የሚንቀጠቀጥበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን አብረውኝ የሚንቀጠቀጡ ሰዎች አሉኝ።

ወንድምሽ
ከልብስ ሰፊው ፎቅ፣ እሑድ፣ ጥር 12 ቀን