የወይዘሮ ሉቬኒያ ጎርሃም ፒትማን የሕይወት ታሪክ፣ በፈስጋ ግድግዳ ላይ ስላለው ሰማያዊ መስመርም የተናዘዙት ቃል

ወይዘሮ ሉቬኒያ ጎርሃም ፒትማን ከአባታቸው ከአናጢው ከአቶ ኢላይጃ ጎርሃምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቴምፒ ባርነስ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ በሃርግሮቭ ወረዳ፣ በቱካሆ ወንዝ ዳር በምትገኘው በጋስኪንስ መንደራችን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1931 ተወለዱ። በተወለዱባት ማለዳ ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ደርሶ ነበርና አዋላጇ "ይቺ ልጅ ከውሃው ጋር ነው የመጣችው" ማለታቸውን እናታቸው ሲናገሩ ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያናችን ጎን በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ገቡ። ቤተ ክርስቲያናችን ፈስጋ ትባላለች። ፈስጋ የተራራ ስም ነው፤ እኛ ጋ ግን ተራራው ቀርቶ አንዲት ጉብታ እንኳ የለችም። እማማ ሉቬኒያም "ስም ያወጡላት ሰዎች ምኞታቸውን ነው የነገሩን" እያሉ ይስቁ ነበር።

በኦገስት 1940፣ በዘጠኝ ዓመታቸው፣ ቱካሆ ሞልቶ ፈሰሰ። አባታቸው ቤተሰቡን በጀልባ አወጡ፤ ቤታቸው ግን ከነምድጃው ሄደ። ያን ጊዜ ለጎርፍ የሚከፍል ኢንሹራንስ ቀርቶ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሰማ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ውሃው ሲጎድል የመንደሩ ሰው እንደ ልማዳችን በመጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በእኛ ዘንድ ጭቃው ከመጠረጉ በፊት ውሃው የደረሰበት ይሰመራልና፣ አቶ ኢላይጃ በበረንዳ ቀለም በግራ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሰማያዊ መስመር አሰመሩ። መስመሩ ከወለሉ ሲለካ በአንድ ትልቅ ሰው ደረት ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ጸደይ ወንዶቹ ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያኑን በክሪክ እያነሡ ከሥሩ ብሎኬት ደረደሩ። እማማ ይህን ቀን ሲያወሩ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ቤቱ ሲጢጥ እያለ፣ ደወሉ ማንም ሳይነካው እየተነቃነቀ፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ሲያዩ የአባታቸው ሰማያዊ መስመርም አብሮ ሲወጣ አዩት። ክንድ ተኩል ያህል ወጣና ቆመ፤ ብሎኬቱ አልቆ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሕልም በየጊዜው ይጎበኛቸው ነበር። ፈስጋ በጸጥተኛ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች፤ ሰዉ በወንበሩ ተቀምጦ ይዘምራል፤ የማንም እግር አይርስም።

በወጣትነታቸው በትምባሆ ቅጠል ማሰር ሥራ ላይ ቆይተው በ1950 በእንጨት መሰንጠቂያ ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ክላይድ ፒትማን ጋር ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። ከ1958 ጀምሮም የፈስጋ ጸሐፊ ነበሩ። አባታቸው በ1962 አረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲነሣ ካዩት ብዙዎቹ ለሥራ ወደ ሰሜን ከተሞች ሄዱ፤ የቀሩትም መስመሩ ከቤቱ ጋር መነሣቱ ትዝ አላላቸውም። ግድግዳው ላይ ደረት ጋ ነው፤ እንግዲያው ውሃውም እዚያ ድረስ ነበር ብለው አረፉ።

በ1978 የጎርፍ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ወደ ወረዳችን መጡ። ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን እማማ ከምሳ በኋላ በወጥ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሸለብ አድርጓቸው ሕልማቸውን አዩ፤ ያን ቀን ግን ውሃው በመስመሩ ላይ ቆሞ፣ ዘማሪዎቹ እስከ ደረታቸው ሰጥመው ነበር። ሲነቁም እግራቸው ርሶ አገኙት። የመወልወያው ባልዲ ተደፍቶ እንደነበር እሳቸውም አይክዱም።

በማግስቱ ቀያሹ መስመሩን እያሳየ "እናቴ፣ የአርባው ውሃ እዚህ ድረስ ነበር?" ሲል ጠየቃቸው።

"አባቴ በገዛ እጁ ያሰመረው ነው" አሉት። ቤቱ ከነመስመሩ መነሣቱን፣ ውሃውም ከመስመሩ ክንድ ተኩል ዝቅ ብሎ እንደነበር ግን አልነገሩትም። ቀያሹም ለክቶ ሄደ።

ካርታው ሲወጣ ከወንዙ እስከ ጥጥ መዳመጫው መንገድ ያለው ቤት ሁሉ በጎርፍ ቀጠና ውስጥ ገባ። በባንክ ብድር ቤት የሠራ ሁሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ እንዲገባ ተገደደ። ቤተ ክርስቲያኑ በተነሣበት ዘመን ኒውዋርክ አጎታቸው ጋ ያደጉት ዲያቆን አሞስ ባትል፣ መንገድ ዳር ያለውን መሬታቸውን ሊገዛ የመጣው ሰው ካርታውን አይቶ ተመለሰባቸው።

"እህት ሉቬኒያ፣ የአባትሽ ቀለም እኮ ኪሴን አደረቀው!" ይሉ ነበር በየስብሰባው። "ውሃው የታለ? አሳዪኝና ልዋኝበት!"

እማማ መሬቱ ሳይሸጥ መቅረቱን በሰሙ ቀን እህል አልቀመሱም። የኢንሹራንሱ ደብዳቤ በሚመጣበት ሳምንት ሁሉ ግን የስኳር ድንች ኬክ ጋግረው ለዲያቆን አሞስ ይወስዱ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አላቋረጡም። ዲያቆኑም "አፌን ልታዘጊኝ ነው አይደል?" እያሉ ሦስት ቁራጭ ይበላሉ። ዲያቆን አሞስ፣ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው እየሰሙ ነውና ይወቁት፤ ያ ኬክ የንስሐ ነበር።

በሴፕቴምበር 1999 ቱካሆ ተመልሶ መጣ። በአሥረኛው ቀን እማማና ዲያቆን አሞስ የፈስጋን በር ገፍተው ሲገቡ፣ የጭቃው ጫፍ በሰማያዊው መስመር ላይ ተጋድሞ አገኙት። ኢንሹራንስ የነበራቸው አርባ ሦስት ቤተሰቦች ቤታቸውን መልሰው ሠሩ። ዲያቆን አሞስ ኮፍያቸውን አውልቀው "አባትሽን እግዚአብሔር ይባርካቸው፣ እህቴ! እኔ አፈኛው!" ብለው አለቀሱ። እማማም ከወንበሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ሰው ሁሉ የደስታ መሰለው። ከዚያ ወዲያ ኬክ ማምጣቱ የዲያቆን አሞስ ተራ ሆነ፤ እማማ ግን በአንዱም ኬክ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ባለፈው መኸር ቤተ ክርስቲያናችን ለልጆች አዳራሽ ልትሠራ ስታስብ፣ ከወጣቶቻችን አንዱ ተነሥቶ "በአርባም በዘጠና ዘጠኝም ውሃው ከመስመሩ አላለፈም፤ ከእሱ ትንሽ ከፍ አድርገን ከሠራን ምን ያስፈራናል?" አለ። ጉባኤው አጨበጨበ። የባንክ ዕዳቸውን የጨረሱ አንዳንዶቹም ኢንሹራንሱን መተዋቸውን እየተሳሳቁ አወሩ። እማማ ከዚያ ስብሰባ ተደግፈው ወጡ። ልባቸው መድከም የጀመረው ቀደም ብሎ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተነሡም።

በጃንዋሪ ይህን ታሪክ የጻፈችውን የልጅ ልጃቸውን ዶርቲያን አስጠርተው ሁሉን ነገሯት።

"የአርባው ውሃ አሁን ባለው ወለል ሲለካ ጉልበት ጋ ነበር፣ ልጄ፤ የዘጠና ዘጠኙ ደረት ጋ። እኔ ሁለቱን አንድ አስመሰልኳቸው። ወንዙ እያደገ ነው፤ እነሱ ልኩን አግኝተናል ብለው ልጆቹን እዚያ ሊያስቀምጡ ነው።"

ዶርቲያ ዝምታቸው አርባ ሦስት ቤት እንዳዳነ ስትነግራቸው፣ "ገጠመልኝ እንጂ ውሸትነቱ መቼ ቀረ" አሏት። አሁኑኑ ሰዉን ጠርተው እንዲነግሩ ስትለምናቸው ግን ፈገግ አሉ። "አሞስ ዓይኔን እያየኝ አልችለውም። ስሞት አንብቢላቸው። ያኔ ያን ሁሉ ኬክ መልሺ የሚለኝ የለም።"

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2019 ከቀትር በኋላ፣ ፈስጋ በመስኮታቸው በኩል ተንሳፍፋ እያለፈች እንደሆነ ነገሩን። "የማንም እግር አልረሰም" አሉና በተወለዱ በ87 ዓመታቸው በእንቅልፍ ውስጥ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ ክላይድን በ1988 ቀብረዋል። ሦስት ልጆቻቸው ኤስቴላ፣ ትንሹ ክላይድና ጆይስ፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ወንድም ያህል የሆኗቸው ዲያቆን አሞስ ባትል ዛሬ በኀዘን ላይ ናቸው።

በኑዛዜያቸው መሠረት ዶርቲያ ትናንት በአቶ ኢላይጃ የእንጨት መለኪያ ከድሮው መስመር ክንድ ተኩል ወደ ታች ለክታ፣ በዚያው ሰማያዊ ቀለም ሁለተኛ መስመር አሰምራለች። ከታችኛው ጎን 1940፣ ከላይኛው ጎን 1999 ተብሎ ተጽፏል። አስከሬኑን ተከትለን ስንወጣ ሁላችንም በግራ በኩል እንድናይ እማማ ለምነዋል። የታችኛው ቀለም ገና ስላልደረቀ ልብሳችሁን ጠብቁ። ከላይኛው መስመር በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው፤ አዳራሹን ስንሠራ እሱን ቀና ብለን እንድናየው አደራ ብለዋል።

እግዚአብሔር የእማማ ሉቬኒያን ነፍስ እግር በማይርስበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።