የወሎ ሰፈር ዳቦ

ይድረስ ለወንድሜ ለሃይደር፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም። አንተም ልጆችህም አማን ናችሁ ወይ? እኛ እዚህ ጎሮ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

«ሴት ልጅና ጋራዥ ምን አገናኛቸው» ብለህ ያኮረፍክባት ልጄ ሸይማ የተመሰከረላት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሆናልሃለች። ጉራዬን ቻለው፣ ገና አልጨረስኩም። ፎርማናቸው ሥራ ላሳያችሁ እያለ ሴቶቹ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ነበር። ሁለቱ ዝም ብለው ሥራ ለቀቁ። ሸይማ ግን ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ሥራውን በአፍህ ንገረኝ፤ እጅህን ሰብስብ!» አለችው። የጋራዡ ባለቤት ወይዘሮ ፈለቀች ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠይቀው አባረሩት። አሁን ሴቶቹ ልብስ የሚቀይሩበት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል አላቸው። አዲስ የምትገባ ልጅም ቅር ያላትን ነገር መጀመሪያ የምትነግረው ለሸይማ ነው። ያንተ የእህት ልጅ እኮ ናት!

ሰውየው ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት አይጠፋም አሉ። በዚህ ሁሉ አዲስ አበባ ሌላ ሻይ ቤት የለም መሰለኝ።

እኔ ሰሞኑን ዳቦ የምገዛው ጋራዡ ያለበት ወሎ ሰፈር ነው፤ ዳቦው ይጣፍጣል። ሸይማ ከሥራ ስትወጣ እደርስና በአንድ ታክሲ እንመለሳለን። «እማ፣ ጎሮ ዳቦ ጠፋ እንዴ?» እያለች ስትስቅብኝ ሰነበተች። ትናንት ግን አልሳቀችም፤ ፌስታሉን ተቀብላኝ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ለአረፋ ትመጣለህ ካልክ ቀደም ብለህ ና፤ ዳቦውን አብረን እንገዛለን።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሐሚዳ