ወለሉ እስኪመረመር የመምህራን ሥልጠናው ከፎቁ እንዲነሳ

ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ዓርብ፣ ከሥራ መውጫ በፊት

ጉዳዩ፦ የመምህራን የኮምፒውተር ሥልጠና ክፍል ወለል እየወረደ ስለመሆኑ አስቸኳይ ውሳኔ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ በሳምንት መጨረሻ ጊዜዎን የምሻማው ጉዳዩ እስከ ሰኞ መቆየት ስለማይችል ነው።

1. እኔ አመልካቿ መምህራን በቀላሉ ፕሮግራም መሥራት እንዲችሉ የማሠለጥን መምህርት ነኝ። ሠልጣኞቼ ኮድ አይጽፉም፤ ባለ ቀለም ብሎኮችን በማውዝ እየጎተቱ ያያይዛሉ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስልም የታዘዘውን ያደርጋል። የተማሩትን ይዘው ሄደው ለተማሪዎቻቸው ያስተምራሉ። ሥልጠናው የሚሰጠው በትምህርት ቤታችን ፎቅ ላይ፣ የጣውላ ወለል ባለው ክፍል ነው። ከሥሩ የአንደኛ ክፍል ልጆች ይማራሉ።

2. ማውዝ ነክተው የማያውቁ አንጋፋ መምህራን ስላሉ የመጀመሪያውን ቀን በጨዋታ እጀምራለሁ። አንዲት የመስታወት ብይ በሩ ሥር አስቀምጣለሁ። ወለሉ ዘመም ያለ ስለሆነ ብይዋ ራሷ ተንከባልላ፣ መሃል ላይ የተደረደሩት፣ መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምባቸው ከባድ ባትሪዎች ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ከዚያ ያንኑ በብሎክ እንዲሠሩ አዛለሁ፦ ተነሺ፣ ተንከባለዪ፣ ባትሪውን ስትነኪ ቁሚ። የስክሪኗ ብይ ከእውነተኛዋ እኩል መድረስ አለባት። ስትቀድም ስትዘገይ ትልልቆቹ ሰዎች እንደ ልጅ ይሳሳቃሉ። እውነቱን ለመናገር ወለሉን ወድጄው ነበር፤ እንዲህ ያለ የማስተማሪያ መሣሪያ በነፃ ከየት ይገኛል?

3. ሁለተኛው ዙር ሲገባ የመጀመሪያዎቹ የሠሩት ፕሮግራም ከእውነተኛዋ ብይ ዘገየ። «የቀደሙት ተሳስተዋል» ብለን የፍጥነቱን ቁጥር ከፍ አደረግን። ሦስተኛዎቹም በተራቸው የሁለተኛዎቹን አረሙ። ማረም ሥራችን ነውና ማንንም አልገረመው። በዚህ ሳምንት ግን ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ቀልደኛ የሒሳብ መምህር፣ የሁሉንም ዙር ብዮች በአንድ ስክሪን ላይ አሰልፎ ለውድድር ለቀቃቸው። የእኛዋ አንደኛ ወጣች፤ አጨበጨብን። እሱ ግን አላጨበጨበም። «ጎበዝ፣ ማንም አልተሳሳተም እኮ» አለ። «ወለሉ ነው እየወረደ ያለው።» ሳንነጋገር ሁላችንም ወደ ግድግዳው ተጠጋን።

4. ወዲያው ወርጄ ከታች የምታስተምረውን ባልደረባዬን ጠየቅኋት። ጠዋት ጠዋት ከዴስኮቹ ላይ የእንጨት ብናኝ እንደምትጠርግ፣ የክፍሏ በር አልዘጋ እያለ አናጢ ደጋግሞ እንደላገላት ነገረችኝ። ምስጥ መስሏት ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ኮርኒሱ መሃሉ ላይ ሆድ አውጥቷል። ልጆቹ፣ የእኔም ልጅ ከመካከላቸው ሆና፣ ልክ ከሥሩ ተቀምጠው እየዘመሩ ነበር።

5. ለርዕሰ መምህሩ አመለከትኩ። «አንቺ ደግሞ ውሃ ቀጠነ ማለት ትወጃለሽ፤ ብይ መሐንዲስ ሆነች እንዴ?» አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ተጨማሪ ኮምፒውተሮችና ባትሪዎች ከመጋዘን ወደዚያው ክፍል እንደሚወጡ ነገሩኝ፤ ወሬው ወላጆች ዘንድ ቢደርስ ደግሞ ከሥራዬ እንደምባረር አስጠነቀቁኝ። ልወጣ ስል ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለማንኛውም ልጅሽን ወደ ሌላኛው ሕንፃ እናዛውርልሻለን» አሉ። አደጋ ከሌለ ልጄን ከምን ሊያሸሿት ነው?

እናት ነኝና እምቢ ማለት አልቻልኩም። ልጄ ዛሬ ሌላ ክፍል ዋለች። መሃል ላይ የነበረው መቀመጫዋ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። የዚያን ልጅ እናት የጠየቀ የለም።

በመሆኑም ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ከሥሩ እንዲወጡ፣ ባትሪዎቹ እንዲወርዱና ወለሉን ባለሙያ እንዲያየው፣ እስከዚያም ሰኞ ወደ ፎቁ አንድም ዕቃ እንዳይወጣ ትእዛዝ ይስጡልኝ። ሥልጠናው ይቅር አላልኩም፤ ካርቶን በብሎኮቹ ቅርጽ ቆርጬ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ሜዳ ላይም ቢሆን አሠለጥናለሁ። ቃሌን ከተጠራጠሩ ብይዋንና የክፍሉን ቁልፍ አያይዣለሁ። በሩ ሥር አስቀምጠው ይልቀቋት፤ እርስዎ ግን ወደ መሃል እንዳይዘልቁ አደራ። ሌላው ቁልፍ በርዕሰ መምህሩ እጅ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታና ከሥጋት ጋር

(ፊርማ)
የሥልጠናው መምህርት

አባሪ፦ አንድ የመስታወት ብይ፣ አንድ ቁልፍ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ