ኡሚ የሌለችበት ምጥ

ሰኞ

«ልብስ ነሽ እንዴ የምትሰፊው?» አለችኝ! አዳዳ ኬሪያ ናት፣ የአባቴ እህት። ያውም መጋላ ገበያ፣ ሱቄ በር ላይ፣ ደንበኛ ቆሞ እየሰማ። ጥፋቴ ምንድነው? ምጥ ሲመጣ ለህመሙ የቻይና መርፌ እወጋለሁ ማለቴ። አኩፓንክቸር ነው ስሙ። የምከታተልበት ክሊኒክ ያለች አንዲት አዋላጅ ተምራው መጥታለች።

«አዳዳ፣ የሚያምጠው ያንቺ ወገብ ነው የኔ?» አልኳት። አኩርፋ ሄደች። ታኩርፍ!

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ወገቤን በሰሊጥ ዘይት ያሸችኝ እናቴ ኡሚ ነበረች። አሁን አፈር ውስጥ ናት፣ ዓመትም አልሞላት። ማን ይያዘኝ?

ማክሰኞ

ክሊኒክ ሄድን። አዋላጇ ሲስተር ሰብለ ትባላለች፤ ድምጿ አይሰማም፣ ጆሮ ማስጠጋት ነው። እኔ የጆንያ መርፌ ስጠብቅ እሷ ፀጉር የመሰለ ነገር አወጣች ወላሂ! ሞክሪብኝ ብላት እምቢ፣ ምጥ ሳይጀምር አልነካሽም።

ህመሙን ያጠፋል ወይ? «አያጠፋም። ለአንዳንዷ ያቀላል፣ ለአንዳንዷ ምንም። ካልሆነልሽ ሌላ መላ አለን።» የራሱን ዕቃ የሚያጣጥል ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ወደድኳት።

አንዱ መርፌ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ነው የሚገባው። እጅሽን እንዳታወራጪ አለችኝ። ባሌ አብዲ በሳቅ ሞተ። «ሲስተር፣ የዚች እጅ ከታሰረ አፏም ይዘጋል!» ቆይ፣ ቤት እንገናኝ።

ረቡዕ

ሙቀቱ ገደለኝ። ሱቅ አልከፈትኩም። ተጋድሜ የድሮ ግቢያችንን ሳስብ ዋልኩ።

ያኔ ሴት ስታምጥ ከወዲህ ኡሚና ጓደኞቿ «ፋጡማ ትድረስልሽ!» ከወዲያ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ «ማርያም፣ ማርያም!» እኛ ልጆቹ ደጅ ተደርድረን፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ፋጡማ ናት ማርያም፣ ማን ቀድማ ደረሰች ብለን እንጣላለን። ኡሚ ወጥታ ትፈርዳለች። ሁሌ የምትፈርደው ለእትዬ አልማዝ ነው፣ እንግዳ ናት ብላ። አርባ ዓመት የኖረች እንግዳ! አሁን አልማዝ የለች፣ ግቢውም መጋዘን ሆኗል።

የመጀመሪያዬን ሐኪም ቤት ስወልድ ደግሞ አንዷ ነርስ «ዝም በይ! አንቺ ብቻ ነሽ የወለድሽው?» ያለችኝ እስካሁን ያንገበግበኛል። ኡሚ ነች የደረሰችልኝ፦ «አቦ ተያት፣ ትጩህ!» አሁን ማን ይልልኛል?

ሐሙስ

ቦርሳ አዘጋጀሁ። ሽርጥ፣ ቴምር፣ የሕፃን ልብስ። አብዲ ባጃጁን ደጋግሞ እያስነሳ ይፈትሻል፣ እሱ የሚወልድ ይመስል።

አዳዳ ኬሪያ የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ ላከች። ሰላምታ የለው፣ መልእክት የለው። ዘይት ብቻ።

መርፌው እኔ ላይ ባይሠራስ? ለማንም አልተናገርኩም። አፌ ትልቅ ነው፣ ፍርሃቴ ግን ከአፌ ይበልጣል።

ቅዳሜ

ወለድኩ! ሴት ናት። አልሐምዱሊላህ።

ትናንት ጠዋት ምጡ ጀመረኝ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው ሲሉ፣ አዳዳ ኬሪያ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ አብዲን ገፍትራ ገባች። ሲስተር ሰብለ መርፌዎቹን እጄና እግሬ ላይ ሰካች። ምንም! ጮህኩ። አዳዳ «አላልኩሽም?» ስትል መልስ ልሰጣት እጄን ሳነሳ መርፌው ተስፈንጥሮ ወደቀ። ሲስተር አልተቆጣችኝም። ሳቀችና ሌላ አዲስ አወጣች።

ትንሽ ቆይቶ ህመሙ ራቀልኝ። አልሄደም፤ ከላዬ ተነስቶ ደጅ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ። መተንፈሻ አገኘሁ። አዳዳ ወገቤን በዘይት ይዛኛለች። እጇ ሻካራ ነው፣ እንደ ኡሚ አይደለም። ግን ያዘኝ። መርፌው ይሁን እጇ እኔ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ፣ ነፍሴ ልትወጣ ስትል፣ አዳዳ «ፋጡማ ትድረስልሽ!» አለች። ያቺ ድምጿ የማይሰማው ሲስተር ደግሞ በእግሬ በኩል «ማርያም፣ ማርያም።» ከወዲህና ከወዲያ! አለቀስኩ። እነሱ ህመሙ መሰላቸው።

አዳዳ ስትወጣ ሲስተርን በጆሮዋ «ይሄ ስፌት ለጉልበት ይሆናል?» ብላ ጠየቀቻት። ሰማኋት!

ልጅቷ ተኝታለች። ማን ቀድማ እንደደረሰችላት ግን አላወቅኩም። የምትፈርደው ኡሚ ነበረች።