የዓሦች ነፃ አውጪ ተብዬ ስለተሰቀልኩበት ፎቶ

ለተከበሩት የሪዞርቱ ሥራ አስኪያጅ ለሚስተር ፔንሮዝ፣

ለመሆኑ ወገብዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ያ ሲያጥቡት የሚውሉት ነጭ ጀልባዎ ደህና ነው? እኔ ኢስሜይ፣ የዓሣ አጥማጁ የኦገስቲን ሚስት፣ ፍየሏ አበባዎን የበላችብዎት የአጥር ማዶ ጎረቤትዎ፣ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ጽሑፌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ይህን ደብዳቤ አንዱን ለእርስዎ፣ አንዱን ለዳቦ ቤቱ በር፣ አንዱን ዓሣ ለሚራገፍበት ግንብ ጽፌዋለሁ። ስለዚህ እርስዎ ሳያነቡት ቢጥሉት እንኳ አይጨነቁ፣ የሚያነብልዎት ሰው ሞልቷል።

መጀመሪያ ምስጋና። ለቤተ ክርስቲያናችን የመከር በዓል ዕጣ «የሦስት ቀን እረፍትና የባሕር ጠለቃ» ብላችሁ ሽልማት ሰጣችሁ፤ ዕጣው ደግሞ ለሰባ አንድ ዓመቷ ለኔ ወጣ። ለእረፍት ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ተጓዝኩ። ሻንጣ ይዤ! ኦገስቲን በር ላይ ቆሞ «ስትደርሺ ደብዳቤ ጻፊልኝ» አለኝ። ሰገነታችሁ ላይ ስቀመጥ ታዲያ የማየው የራሴን የልብስ ገመድ ነው። ዝናብ ሲያስገመግም «ኦገስቲን! አንሶላውን አንሳ እንጂ!» ብዬ ብጮህ አጠገቤ የነበሩት እንግዶቻችሁ ደንግጠው ጁሳቸውን ደፉ። ለነሱም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ልብሱ። ያን ጥቁር የጠላቂ ልብስ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው ነው ያለበሱኝ። የታሰረ ቋሊማ ሆንኩ። የጠለቃ አስተማሪዋ ዶርካስ «ታንቲ፣ ሆድሽን ሳቢው» ትለኛለች (ታንቲ ማለት እኛ ዘንድ አክስቴ ማለት ነው)። «ልጄ፣ ይህ ሆድ ስድስት ልጅ ያስቀመጥኩበት ነው፣ ወዴት ልሳበው? ወደ ጀርባዬ?» አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ባሕር ስበላ ጭንቅላቴን አንድ ቀን ነክሬበት አላውቅም፤ የኛ አገር ሴት ዓሣ ትሸጣለች እንጂ ዓሣ ቤት ድረስ ሄዳ አትጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ዝምታው። አፌ ውስጥ ጎማ ወትፋችሁ፣ ጀርባዬ ላይ የአየር ቦምቦላ አሸክማችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቃል እንዳልተነፍስ አደረጋችሁኝ። ኦገስቲን ይህን ሲሰማ «ያ ጎማ ለሽያጭ አለ ወይ?» ብሎ ነው የጠየቀው። ለትዳሬ ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ትንሽ ይቀመጡ።

እንደሚያውቁት ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅዎ ላይ ቆሜ «ጠላቂዎቻችሁ ለዓሣ አዘንን እያሉ የባሎቻችንን ወጥመድ ይከፍታሉ» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ሁልጊዜ በፈገግታ «ማስረጃ አለሽ ወይ?» ይሉኝ ነበር። እነሆ፣ ማስረጃው እኔው ሆንኩልዎት።

እታች ዶርካስን ተከትዬ እንደ ሰከረ ዔሊ ስንሳፈፍ፣ ከትልቁ ዓለት ሥር አንድ ወጥመድ አየሁ። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቤት ወጥመዱ ላይ የየራሱን ጨርቅ ያስራል፤ የኛ ቀይ ነው፣ የኦገስቲን የአጎት ልጅ የካትበርት ደግሞ ጥቁር። ይህ ጥቁር ነበር። ካትበርት ማለት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የጀልባ ምርቃት ቀን፣ መቶ ሰው ፊት የበቆሎ ገንፎዬን አንስቶ «ይህ ለምግብ ነው ወይስ ለመልሕቅ?» ያለ ሰው ነው። ሚስተር ፔንሮዝ፣ ባሕር ውስጥ ቂም ይቀልላል ብለው እንዳያስቡ። ወጥመዱ ውስጥ ያሉትን ዓሦች ዘወር ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። «አገኘሁህ!» ብዬ (በጎማው ውስጥ፣ ማንም አልሰማኝም) በሩን ፈታሁት። ቋጠሮውን ጣቴ አውቆት ነበር፤ ያሰርኩት እኔው ነኛ! ጭንቅላቴ ግን ጣቴን አልሰማም። ዓሦቹ እየተጋፉ ወጡ፣ ዶርካስም ፎቶ አነሳችኝ።

ጠለቃው የእረፍቴ መጨረሻ ነበርና ማታ ቤቴ ተመልሼ ሳለ ኦገስቲን ባዶ ቅርጫት ይዞ ገባ። «ከዓለቱ ሥር ያለውን ከፍተውብኛል» አለ። ከዓለቱ ሥር ያየሁት ወጥመድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። በነጋታው ዶርካስን ብጠይቃት «ታንቲ፣ ወደ ታች ሲወረድ ከቀለም ሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ ከዓለቱ ሥር ጥቁር ነው የሚመስለው» አለችኝ።

«ይህን ሳልገባ አትነግሪኝም ነበር?»

«ለምን ይጠቅምሻል ብዬ?»

እውነቷን ነው። በጤነኛ ሰው ልብ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም።

ከዚህ የባሰውን ልንገርዎት። እኛ ሰፈር ወጥመዱ የተከፈተበት ሰው ቤት ራቱ እንዳይጎድል ጎረቤት ዓሣ ያደርሳል። ያን ማታ ዓሣ ይዞ ደረጃችን ላይ የቆመው ማን ነበር? ካትበርት! «ለኦገስቲን ነው፣ ላንቺ አይደለም» አለና አራት ዓሣ አኖረ። ቀጥሎም «የነዚያ ጠላቂዎች እጅ ይቆረጥ!» አለ። እኔም «አሜን» አልኩ። ዓሣውን ጠብሼ ሁለቱን በላሁ። አጥንቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልወጋኝም፤ ቢወጋኝ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛ፣ ፎቶው። በር በሚያህል መጠን አሳጥበው እንግዳ መቀበያው ላይ ሰቅለውኛል። ከሥሩ «የዓሣ አጥማጅ ሚስት ለዓሦች አዝና ነፃ ስታወጣቸው» ይላል። ፊቴ በመነጽሩና በጎማው ስለተሸፈነ ሰፈሬ እስካሁን አላወቀኝም፤ ለዚያም ምስጋና ይድረስዎት። አሁን ግን ያንኑ ፎቶ ከማመልከቻዎ ጋር አያይዘው፣ ስሜን ከሥሩ ጽፈው፣ «የአጥማጆቹ ሚስቶች ራሳቸው ወጥመድ ጠልተዋል» በማለት፣ ወጥመድ ሁሉ ከባሕራችን እንዲነሳ ለዓሣ ሀብት ቢሮ እንዳስገቡ ሰማሁ። ጉዳዩ ሐሙስ በስብሰባ ይሰማል አሉ። በዚያ ወጥመድ ሰባት ቤት ይበላል። ቢነሳ ኦገስቲን በሰባ አራት ዓመቱ ምን ይሁን? የናንተን አሸዋ ይጥረግ?

ስለዚህ የቢሮው ሹምም እንዲያነቡት በገዛ እጄ እጽፋለሁ፦ ለዓሣ አላዘንኩም። አዝኜም አላውቅም፣ እጠብሰዋለሁ እንጂ። ወጥመዱን የከፈትኩት በክፋት ነው። ክፋቱንም እንኳ አስተካክዬ መሥራት አቅቶኝ የባሌን ወጥመድ ከፈትኩ። ዝም ብል እኔ ደግ ሴት ተብዬ እኖራለሁ፣ ሰባት ቤት ግን ይራባል። ኦገስቲን እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ነገ ጠዋት ዓሣ ሲያራግፍ ግንቡ ላይ ያነበዋል። ካትበርት ደግሞ ከጎኑ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው፣ አውቀዋለሁ። ሐሙስ ስብሰባው ላይ ቆሜ ይህንኑ እደግመዋለሁ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ከኦገስቲን ጎን ተቀምጫለሁ፤ ሐሙስ ቦታ ይይዝልኝ እንደሆነ አላውቅም።

በትሕትና ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ለማለት ግን የሰው እጅ እየፈለግኩ፣
የእርስዎ የክብር እንግዳ፣ የባሏ ወጥመድ ሌባ
ኢስሜይ

ማሳሰቢያ፦ ፎቶው ላይ ከክንዴ ሥር ሲያመልጥ የሚታየው፣ ጅራቱ የተቀደደው ሰማያዊ ዓሣ፣ ቅዳሜ ዕለት በገዛ ራሱ ተመልሶ ሌላው ወጥመዳችን ውስጥ ገብቷል። የዳቦ ፍሬ የምንለውን የዛፍ ፍሬ ጠብሼ አብሬው በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር። ለማመልከቻዎ ማስረጃ ይሆን እንደሆነ ብዬ አጥንቱን አስቀምጬልዎታለሁ።