ስለ ሞተው ኮምፒዩተርና ስለታሰረችው የልጅ ልጄ

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለወረዳው የምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ኮሚቴው ሰኞ ከመወሰኑ በፊት የኮምፒዩተሩ ሣጥን ተከፍቶ እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የመሥሪያ ቤትዎ ብቸኛ ኮምፒዩተር ሚያዝያ 30 ቀን ረፋዱ ላይ በዘጠኝ ዓመቱ በድንገት ማረፉን የምገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው። አስከሬኑ ሳይቀበር በረንዳ ላይ ይገኛል። ለቀልዱ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

1. የልጅ ልጄ ወ/ሪት እየሩስ መክብብ ጸሐፊዎ ናት። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ አጠገቡ እርሷ ብቻ ስለነበረች፣ የሴፍቲኔት ተረጂዎችን ዝርዝር ሆን ብላ አጥፍታለች ተብላ ይኸው አሥራ አራት ቀን ጣቢያ ናት። አጣሪ ኮሚቴው መረመርኩ ያለው ቴሌቪዥን የሚመስለውን ስክሪን ነው። ሣጥኑን የከፈተ የለም። በሽተኛውን ትቶ ፎቶግራፉን ማከም ይሏል ይህ ነው።

2. ሣጥኑ አቧራ እንዳይነካው በመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ የከፋይ ልብስ ተሰፍቶለታል። ሲሠራም አይወልቅለትም ነበር። ሰውስ ቢሆን አፍንጫውን ሸፍነው ሥራ ቢሉት ስንት ቀን ይከርማል?

3. እኔ ሣጥኑን በእጄ አልነካሁም። እርስዎን ለማነጋገር በረንዳው ላይ ስመላለስ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሬዲዮ የጠገነው አፍንጫዬ ከጀርባው የተቃጠለ ነገር ሸተተው። የሞተው መብራት አከፋፋዩ፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉት ነው። ዝርዝሩ ያለው እዚያው ሣጥን ውስጥ ሌላ ዕቃ ላይ ነው።

እዚያው በረንዳ ላይ ቦሼ የምትባል የቆላ ሴት ስንዴዋን ፍለጋ በእግሯ ሦስት ጊዜ መጣች። ሦስቴም ኮምፒዩተሩ ሞቷል ተባለች። በመጨረሻው ቀን ጥበቃውን ሶርሳን «ለኮምፒዩተር ሐዘን የሚቀመጡት ስንት ቀን ነው?» ብላ ጠየቀችው። በመጀመሪያው ቀን ጀርባዋ ላይ የነበረው ሕፃን ያን ቀን አልነበረም። ወሬ የማልጠግበው እኔ እንኳ ምነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ስለዚህ ሣጥኑ በኮሚቴው ፊት ተከፍቶ፣ የፓወር ሰፕላዩ አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ተገናኝቶ ማራገቢያው ይዞር እንደሆነ እንዲታይ፣ ካልዞረም ሌላ ተውሰው እንዲሞክሩ፣ ልጅቷም እንድትፈታ በትሕትና አመለክታለሁ።

በመጨረሻ፣ ከላይ ከጻፍኩት አንዱ ፈጠራ ነው፤ በእጄ አልነካሁም ያልኩት። ሶርሳ ሳይቀር ሁሉም ለግምገማ አዳራሽ በገባበት ቀን በገዛ መፍቻዬ ከፍቼዋለሁ። ሽቦዎቹን ባገናኝ ማራገቢያው ንቅንቅ አላለም። ከኸይሩ ፎቶ ኮፒ ቤት የተዋስኩትን ፓወር ሰፕላይ ስገጥምለት ግን ኮምፒዩተሩ ተነሣ። ዝርዝሩ ሙሉ ነው። የቦሼ ስም መቶ አሥራ ሁለተኛው ላይ አለ። ከዚያ ኮሚቴው በገዛ ዓይኑ እንዲያየው ብዬ የሞተውን መልሼ ገጠምኩ።

ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት የነካ እጅ ከተፈለገ እነሆ የእኔ ነው። በጣቢያው መዝገብ ላይ የልጅ ልጄ ስም ተሰርዞ የእኔ ይጻፍልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ዓምደሚካኤል ቢያድግልኝ

ግልባጭ፦
ለፖሊስ ጣቢያው፣ ልጅቷን ለቆ እኔን እንዲረከብ